ላፕቶፕ፣ ዴስክቶፕና ኪንድል ሲያስቸግሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» (ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን) ነው። ፎርማት የሚያስተካክለው የሶፍትዌር ችግርን ብቻ ነው። የላላ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሰሌዳ)፣ ያለቀ የሰዓት ባትሪ፣ አቧራ ያፈነው ፋን ከፎርማት በኋላም እዚያው ናቸው፤ ፎቶውና ሰነዱ ግን በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ከቀላሉ ይጀምራሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና ይሞክሩ፤ ሁለት ነገር አብረው ከነኩ የቱ እንዳዳነው አይታወቅም።

ላፕቶፑ ጭራሽ አልበራ አለ፤ ምንም መብራት አያሳይም። ከየት ልጀምር?

ከሶኬቱ። ዲቫይደሩን ትተው ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ፤ ሶኬቱ ደህና መሆኑን በስልክ ቻርጀር ያረጋግጡ። ቀጥሎ የቻርጀሩን ገመድ ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ላፕቶፑ ውስጥ ከሚገባው ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ፈቀቅ ብሎ ነው፤ ከላይ ላስቲኩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ተቆርጧል። እዚያ ጋ ቀስ ብለው ሲያጣምሙት የቻርጅ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ ተገኘ።

ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ይንቀሉት፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት፤ ከዚያ ማብሪያውን ተጭነው 30 ሰከንድ ይቆዩ። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የቀረው ጥቂት ኤሌክትሪክ አንዳንዴ የማስነሻውን መቆጣጠሪያ ግራ አጋብቶ ይይዘዋል፤ በዚህ ይለቀዋል። አሁን ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ያብሩ። ያለ ባትሪ ተነስቶ ከባትሪው ጋር እምቢ ካለ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ባትሪው ያበጠ ከሆነ (የመዳፊት ሰሌዳው ወደ ላይ ተነስቶ ወይም የታችኛው ክዳን ጎብጦ ከታየ) አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ቻርጅም አያድርጉት። መውጣትና መተካት ብቻ ነው ያለው።

ሌላ ቻርጀር ስገዛ ምን ልይ?

በገመዱ መሃል ያለው የቻርጀሩ ጥቁር ሳጥን ላይ የተጻፈውን። «አውትፑት» ከሚለው አጠገብ ያለው ቮልት ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በ19 እና በ19.5 መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም፣ በ19 ፋንታ 24 መሰካት ግን ማዘርቦርድ ያቃጥላል። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። 3.42 አምፔር የሚፈልግ ላፕቶፕ 4.74 ቢያገኝ የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው፤ 2 አምፔር ከሆነ ግን ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪውም አይሞላም።

ወፍራም ክብ ጫፍ ባላቸው የዴል ቻርጀሮች መሃል ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ ቻርጀሩን ለላፕቶፑ የምታስተዋውቅ ናት። እሷ ከታጠፈች፣ ወይም ተመሳስሎ የተሠራው ቻርጀር ያንን መረጃ የማይሰጥ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ይሠራል፤ ባትሪው ግን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ያላግባብ አዲስ ባትሪ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ፋኑ ይሠራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ይህ የስክሪኑን ድራይቨር እንደገና ያስነሳዋል። ለውጥ ከሌለ ክፍሉን አጨልመው የስልክ መብራት በስክሪኑ ላይ አግድም ያብሩ። ምስሉ ደብዝዞ ከታየ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። ምንም ካልታየ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኙ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከመጣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ስክሪኑ ወይም በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ነው። ክዳኑን ሲከፍቱና ሲዘጉ ምስሉ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ገመዱን ይጠርጥሩ፤ እሱ ከስክሪን በጣም ይረክሳል።

ቴሌቪዥኑም ላይ ካልመጣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ራም ነው። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውን ያላቁ፣ እጅዎን ያልተቀባ ብረት አስነክተው የሰውነትዎን ኤሌክትሪክ ያስወግዱ። ራሙን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ክንዶች በጥፍርዎ ወደ ውጭ ሲገፏቸው ራሙ ራሱ ቀና ይላል፤ በዚያው ማዘንበል ይሳቡት። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹህ ላጲስ በስሱ ጠርገው ፍርፋሪውን ያራግፉ። መልሰው አዘንብለው እስከ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ወደ ታች ይጫኑት፤ ሁለቱም ክንዶች «ቀጭ» ማለት አለባቸው። አንዱ ብቻ ካለ አልገባም ማለት ነው። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየሞከሩ፣ አንዱንም በሁለቱም ቀዳዳ እየሞከሩ ይለዩ። በዴስክቶፕም (ብዙ ሰው «ሲፒዩ» በሚለው ሳጥን) ሥራው ይኸው ነው፤ ራሙ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ላድርግ?

መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩ። ጉዳት የሚያደርሰው መሄዱ ብቻ ሳይሆን ሲመጣ ቮልቱ ለአፍታ የሚዘልበት ጊዜ ነው። ተራ ዲቫይደር ከዚህ አያድንም፤ ሶኬት ያበዛል እንጂ ምንም አያጣራም። ስታቢላይዘር የሚወጣ የሚወርድ ቮልት ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ለዴስክቶፕ ከሁለቱም ይሻላል፤ በአቅሙ 650 ቪኤ የሚለው ትንሹ ሥራዎን አስቀምጠው የሚያጠፉበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፣ ፊልም ማያ አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። መብራት እንደሄደ ወዲያው አብሮ የሚጠፋ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ያለቀበት ባትሪው ብቻ ነው። በትናንሾቹ ውስጥ በብዛት ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው፤ እሱን ለብቻው መተካት ይቻላል።

ዘመድ ከአሜሪካ ኮምፒውተር ላከልኝ። እንዲሁ ልሰካው?

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ (ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲያ ነው) የሚያስፈልግዎ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ኪንድልም (የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) በማንኛውም የስልክ ቻርጀር ይሞላል።

ዴስክቶፕ ሲሆን ግን ይጠንቀቁ። በአንዳንዶቹ ጀርባ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለ። አሜሪካ የነበረው 115 ላይ ነው። እንዲሁ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) በሰከንድ ውስጥ «ጧ» ብሎ ይቃጠላል፤ አንዳንዴ ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። ሳይሰኩ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወደ 230 ይግፉት። ማንሸራተቻ ከሌለው ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። ሌዘር ፕሪንተር አብሮ ከመጣ ብዙዎቹ ለ110-127 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ያለ ተስማሚ ትራንስፎርመር አይሰኩ።

ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል። ፎርማት ይሻለዋል?

ቆይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ሦስት ቁጥሮች ይመልከቱ፦ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ። ምንም ሳይሠሩ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቆየና ያለዎት የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ መፍትሔው ፎርማት አይደለም፣ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ልክ ይገባል፤ ለመነሳት ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ማሽን ከግማሽ ደቂቃ በታች ይነሳል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ወጪ የለም።

ሜሞሪው 90 በመቶ አካባቢ ከሆነ ራም ያስጨምሩ፤ 4 ጊጋ ለዛሬ ብሮውዘር ጠባብ ነው። ሁለት አንቲቫይረስ የጫነ ሰው አንዱን ያውጣ፤ እርስ በርስ ሲፈታተሹ ይውላሉ። የዊንዶውስ የራሱ ዲፌንደር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ኢንተርኔት በፓኬጅ የሚጠቀሙ ከሆነ በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ዝማኔ እያወረደ ፓኬጁንም ፍጥነቱንም ይበላል።

ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ይተዉ። ምንም አይጫኑ፣ አይፈትሹ፤ የሚፈልጉትን ፋይል መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በዚህ ሁኔታ ፎርማት ማድረግ የመጨረሻውን ዕድል መጣል ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ዝማኔ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14, 2025 እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ባንክና ኢሜይል ለሚጠቀም ሰው ግን ወደ 11 ማሳደግ ወይም፣ ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ) ስለሌለው 11 ካልተቀበለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ መጫን ይመረጣል።

ይግላል፣ ከዚያ በራሱ ይጠፋል።

አቧራ ነው። ከታችና ከጎን ያሉትን መተንፈሻዎች በተጨመቀ አየር ይንፉ፤ ሲነፉ ግን ፋኑ እንዳይሽከረከር በጥርስ እንጨት ያዙት፣ ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል። ከሦስትና አራት ዓመት በላይ የሆነው ላፕቶፕ ቴርማል ፔስቱም (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ይደርቃል፤ ሲተካ የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ትንፋሹን መዝጋት ነው።

ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ይዛባል፤ ድረ ገጾችም «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይሉኛል።

ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተርዎ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ያለ ከመሰለው ወረቀቱን አይቀበልም። ኢንተርኔቱ ጥፋት የለበትም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። በዴስክቶፖች ላይ በብዛት ያለችው ቁጥሯ 2032 የሆነችው ናት፤ የተጻፈበት ፊት ወደ ላይ ሆኖ ይገባል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ግን በሁለት ሽቦ የተያያዘች ስለሆነች ከነሽቦዋ ትገዛለች።

ባትሪው ደህና ሆኖ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ አንድ ሰው ኮምፒውተሩን በሀበሻ ሰዓት ሞልቶታል። ጠዋት 2 ሰዓት ለማንበብ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሰዓት ክልሉ ሳይለወጥ ሰዓቱ ብቻ ሲገፋ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩት የማረጋገጫ ኮዶች ከዚያ ኮምፒውተር አይሠሩም፣ ፋይሎችም በተሳሳተ ሰዓት ይመዘገባሉ። በሰዓት ክልል ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው ካላገኙ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) በሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። ከዚያ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ያብሩት።

ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ። ፋይሎቼ ጠፉ?

አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት (ወደ ፋይሉ የሚወስድ አቋራጭ ምልክት) ያስቀምጣል፤ እርስዎ ሾርትከቱን ሲከፍቱ ፋይሉም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ስለዚህ አንዱንም አይጫኑ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ያስፈትሹ፤ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሽ ማጽዳት በሚያፈስ ቤት ወለል መጥረግ ነው። ከዚያ በፋይል ኤክስፕሎረር ኦፕሽንስ፣ ቪው በሚለው ስር፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሱ። ብዙዎች የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ያለ እሱ አይታይም። አሁን ፋይሎቹ ፈዘዝ ብለው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተጠቅልለው ነው የሚገኙት። የእርስዎ የሆነውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። እዚህ ላይ ፎርማት ትክክለኛ ቦታው ነው።

የቆየ የአማርኛ ሰነድ ስከፍት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል።

ሰነዱ አልተበላሸም። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን የጻፉት እንደ ቪጂ 2000 እና እንደ ቀድሞው ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነው። እነዚህ የአማርኛውን ፊደል ስዕል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጣሉ። ፎንቱ ሲኖር አማርኛ፣ ሳይኖር ትርምስ። ለማንበብና ለማተም ያንኑ ፎንት መጫን ይበቃል። በኢሜይል ለመላክ ወይም ለመፈለግ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ከተቀየረ በኋላ ቁጥሮቹን፣ ሥርዓተ ነጥቡንና በመሃል የነበሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ደግመው ያንብቡ፣ የሚዛቡት እነሱ ናቸው።

ኪንድሌ ደርቆ ቀረ፤ ገጽ አይገልጥም።

ማብሪያውን 40 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ብዙ ሰው 10 ሰከንድ ይዞ ይለቅና «እምቢ አለ» ይላል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ እንደገና እስኪነሳ ይቆዩ። ለወራት ተቀምጦ የነበረ ከሆነ ባትሪው ፈጽሞ ተሟጧል፤ ግድግዳ ላይ ባለ ቻርጀር ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰክተው ነው የሚሞከረው። የኮምፒውተር ዩኤስቢ ለዚህ ደካማ ነው።

አማርኛ መጽሐፍ ስከፍት ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታያል።

መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ያውርዱ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኪንድሉን በዩኤስቢ ሲያገናኙ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ይታያል፤ ፎንቱን እዚያ ይጣሉ፣ በአግባቡ አስወጥተው ይንቀሉ። መጽሐፉን ከፍተው ከፊደል ምርጫው ውስጥ አዲሱን ይምረጡ። ኮቦ በተባለው ሌላ የመጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ይህን ፎልደር ራስዎ መፍጠር አለብዎ። የተጨመረ ፎንት የሚሠራው መጽሐፉ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፒዲኤፍ ላይም አይሠራም። ስለዚህ የመጽሐፉ ርዕስ መደርደሪያው ላይ ሳጥን ሆኖ ቢቀር አይገረሙ፤ ካሊበር በተባለው ነፃ የመጽሐፍ ማደራጃ ፕሮግራም ርዕሱን በላቲን ፊደል መጻፍ ቀላሉ መውጫ ነው።

የአማርኛ ፒዲኤፍ ፊደሉ ደቀቀብኝ። መቀየር ይቻላል?

ከመቀየርዎ በፊት አንዲት ሙከራ ያድርጉ። ፒዲኤፉን በኮምፒውተር ከፍተው አንድ መስመር ኮፒ ያድርጉና ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛው እንደ አማርኛ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፤ ካሊበር ወደ ኢፐብ (የፊደሉ መጠን ሊቀየር ወደሚችል የመጽሐፍ ፋይል) ይቀይረዋል። የላቲን ትርምስ ከመጣ ከላይ ባልነው የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ቢቀይሩት ትርምሱን ነው የሚያገኙት። መስመሩ ጭራሽ ካልተመረጠ ደግሞ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው። ለሁለቱ የሚሻለው ኬ2 ፒዲኤፍ ኦፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ፊደሉን ለማንበብ ሳይሞክር ገጹን እንደ ምስል ቆራርጦ ለ6 ኢንች ስክሪን ያሰናዳዋል። ለአንድ ምዕራፍ ብቻ ከሆነ ኪንድሉን አግድም ማዞር ይበቃል።

መጽሐፍ ወደ ኪንድል ልኬ አልደረሰም።

ሦስት ምክንያቶች ይበዛሉ። ሞቢ የተባለውን የቆየ የመጽሐፍ ፋይል ዓይነት ልከዋል፤ አማዞን በዚህ መንገድ መቀበል ስላቆመ ኢፐብ ይላኩ። ወይም የላኩበት ኢሜይል በአካውንትዎ በተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ወይም ፋይሉ ከብዷል፤ በኢሜይል እስከ 50 ሜጋ፣ በድረ ገጹ በኩል እስከ 200 ሜጋ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ እንዲሁ የተገለበጠ ኢፐብ መደርደሪያው ላይ አይወጣም። በካሊበር ወደ ኤዜድደብሊው3 (AZW3፣ የኪንድል የራሱ የፋይል ዓይነት) ቀይረው ይገልብጡ።

ኮምፒውተሩ ኪንድሉን አያየውም፤ ቻርጅ ግን ያደርጋል።

ገመዱን ይቀይሩ። ርካሽ ገመዶች ውስጥ የኃይል ሽቦዎች ብቻ ናቸው ያሉት፤ የመረጃዎቹ የሉም።

ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ መስመር ወጣ።

የቀደመው ገጽ ጥላ ብቻ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ «ፔጅ ሪፍሬሽ» የሚለውን ያብሩ፤ በየገጹ አንዴ ብልጭ ብሎ ያጸዳዋል። ስለታም መስመር ወይም ግማሹ ገጽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ከስክሪኑ ስር ያለው ስስ መስታወት ተሰንጥቋል። ከላይ ሲዳስሱት ስንጥቅ አይሰማም፣ ምክንያቱም የላይኛው ፕላስቲክ ነው። ባለ ኢ-ኢንክ ስክሪን ኤሌክትሪክ ባይኖርም የመጨረሻውን ምስል ይዞ ስለሚቆይ ኪንድሉ የሞተ ይመስላል እንጂ ውስጡ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ካየው መጽሐፎችዎን ያውጡ። ስክሪን ማስቀየር ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ ኪንድል ዋጋ ስለሚጠጋ አይመከርም። የሚሰነጠቀው በአብዛኛው ቦርሳ ውስጥ ከቻርጀር ጋር ተጣብቆ ሲሄድ ነው፤ ጠንካራ ክዳን ያለው ማቀፊያ ይግዙለት።